ቀዩ ፓምፕ

ሁለት ጣሳ ቀለም፣ አንድ ብሩሽ ይዤ፣
በሜግና ዳርቻ በጭቃ ተጉዤ፣
የጉድጓዱን ፓምፕ አፍ ስቀባ ከረምኩኝ፤
ደህናውን አረንጓዴ፣ ክፉውን ቀይ አልኩኝ።

መርጂና ቢቢ ግን ብርጭቆዋን ሞልታ፣
ከፀሐይ አንጻር ይዛ አሳየችኝ አንስታ፤
«እስቲ እየው» አለችኝ፣ «ምን እድፍ አለበት?
የኩሬው ድፍርስ ነው ሁለት ልጅ ያጣሁበት።
ይኼን ያስቆፈርኩት ላሜን ሸጬ ነው፤
ከዚህ የጠራ ውኃ ወዴት ልታገኘው?»

እውነቷን ነው፤ ጠርቷል፤ ይቀዘቅዛልም፤
አርሴኒክ ሽታ የለው፣ ቀለምም፣ ጣዕምም።
ወረቀቴን ሰቀልኩ፣ ቆጠርኩኝ ደቂቃ፤
ነጭ የነበረው ቡናማ ሆነ በቃ።
የባሏን መዳፍ አየሁ፤ ነጠብጣብ፣ ሻካራ፤
እሷ ግን የእርሻ ነው ትላለች፣ የሥራ።

ቀይ ቀባሁት።
እሷም ዝም አለች፣ እኔም።

አረንጓዴው ያለው ካጥሩ ወዲያ ማዶ፣
ከባሏ ወንድም ግቢ። ቂም ግን ተወልዶ፣
ባንድ የማንጎ ዛፍ፣ ባንድ ክንድ ድንበር፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላምታም አልነበር።
በኪሴ ያለችው መርዝ ትለካለች፤
ኩርፊያ የምትለካ ወረቀት የት አለች?

በማግስቱ ማለዳ ሳልፍ በዚያው በር፣
መርጂና ገንቦዋን ታቅፋ ቆማ ነበር፤
ካጥሩ ወዲህ ሆና፣ ሳትሄድ፣ ሳትመለስ፣
የማንጎውን ጥላ በእግሯ ጣት ስትዳስስ።

ከዚያ ማዶ ሸፋሊ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣
የፓምፑን እጀታ ትገፋው ጀመር።
ገንቦ ሳይቀርብለት ውኃው እየፈሰሰ፣
መሬቱን አርሶ ባጥሩ ሥር ደረሰ።