የቧንቧ ሠራተኛው ቃል

ዊልፍ ታትል፣ በግሪምዝቢ አርባ ዓመት ቧንቧ የጠገነ፣
ስትሮክ መታው፤ አንደበቱ እንደ ዛገ ብሎን ሆነ።
ሄዘል ካርድ ታሳየዋለች፤ ጀልባ፣ ባልዲ፣ ውሃ፣ ዓሣ፤
እሱ ከንፈሩን ያላውሳል፣ የልጁን ስም እንደረሳ።

ሐሙስ ዕለት የክፍሉ ቧንቧ ጉሮሮውን ጠራረገና
ፊን! አለ፤ ካርዱም ቀሚሷም ግድግዳውም ራሰና
ሽማግሌው ብድግ አለ።
«ስፐርት! ስፕላሽ! ስፕሬይ! ስፒት!»
በሱ ቋንቋ እነዚህን ቃል ሳይረጭ የሚጠራ የለ፤
ጥርስ ያፏጫል፣ ከንፈር ይፈነዳል፣
ምራቁ መነጽሯ ላይ ያካፋል።

አልጠረገችውም፤ ከፀጉሯ ውሃው በአንገቷ ፈሰሰ።
«እስቲ አሁን ‹ውሃ› በል» አለችው።
ዝም።
እጁ ብቻ፣ እንግሊዝ ቁልፍ ፍለጋ፣ ባዶ ኪሱን ዳበሰ።