የዘርጋው ፊርማ

ድራማው ካለቀ ሃያ ዓመት ሞላና፣
ሐዋሳ ላይ ጠሩን፣ ከያለንበት ሰብስበው እንደገና።
ከሐይቁ ዳር ሆቴል፣ በሰፊው አዳራሽ፣ አምስት ጠረጴዛ፣
በየፊቱ ወረቀት፦ «ፊርማ ሁለት መቶ፣ ፎቶ ሦስት መቶ፤ የፈለገ ይግዛ»።
ዋጋውን የጻፈው አዘጋጁ ነው፤ አቤኔዘር የሚባል ልጅ፣
ድራማው ሲጀመር ጥርስ ያላወጣ፤
ዛሬ ግን በጆሮው ስልክ፣ በእጁ ደረሰኝ፣ የሁላችን ፈራጅ።

የስንዱ ሰልፍ በሩን አልፎ ወደ አስፋልቱ ወጣ፤
ያኔ እሷ ስታለቅስ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ዕንባውን ሊያስፈርም መጣ።
የእኔ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዝንብ፣ አንድ እስክሪብቶ፤
የክፉ ሰው ስም ፈልጎ ማን ይከፍላል፣ ከኪሱ ብር አውጥቶ?

እኔ ዘርጋው ነበርኩ።
የሙት ልጅ ፊርማ አስመስዬ ቤቷን የነጠቅኩ፣
በአሥራ ሁለተኛው ክፍል፣ በዝናብ፣ ከነሻንጣዋ አስወጥቼ በሩን የቆለፍኩ።
ያን ሰሞን ለእረፍት እዚሁ መጥቼ አሞራ ገደል ብወርድ፣
አንዷ ቢላዋ እንደያዘች ዞር አለች፦ «ቆሮሶ የለም፤ ለአንተ የለም፤ ሂድ!»
አባ ኮዳዎቹ እንኳ አንጀት እየተወረወረላቸው ሲበሉ፣
እኔ ጦሜን ዋልኩ፤ ልጆች ከኋላዬ «ዘርጋው! ዘርጋው!» እያሉ።

ትናንት ማታ እራት ላይ ተጣልተናል፤ አልዋሽም።
ጋሽ ወልደየስ ሹካውን አስቀመጠ፦ «ያጎረሰንን እጅ ሒሳብ አምጣ ልንለው?
ስሜን የሰጠኝ ሕዝብ ነው፤ መልሼ ለራሱ እንዴት ልሽጠው?»
ስንዱ ሳቀች፤ ያ ሳቅ በቴሌቪዥን ታይቶ አያውቅም።
«ጭብጨባ የኩላሊት እጥበት አይከፍልም፤ ጭብጨባ የቤት ኪራይ አይሆንም።
ድራማው ስንቴ ተደገመ? በየበዓሉ፣ በየሌሊቱ፤
ከዚያ አንድ ሳንቲም ያየ ካለ፣ ይኸው ሾርባው፣ ይማልበት በጣቱ።»
እኔ ለሁለቱም ራሴን ነቀነቅኩ፤
ማስመሰል አይደለም፤ ሁለቱንም አመንኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት አቤኔዘር መጥቶ፣ ዋጋዬን ሰርዞ «መቶ» ብሎ ጻፈ፤
ያላየሁ መሰልኩ፤ ስልኬን ነካካሁ፤ ጊዜው እንዲሁ አለፈ።

ከዚያ የዓሣ ሽታ መጣ፤ ከሽታው ኋላ እሷ፣
ባሎቴ፤ ቅርፊት የተለጠፈበት ሻርፕ በራሷ።
ቢላዋ ባትይዝም አወቅኳት፤ ያቺው ናት፤ ፀጉሯ ነው የሸበተው፤
ከመቀነቷ የወጣው ሁለት መቶ ብር እርጥብ ነው፣ አራቴ የታጠፈው፣ ጫፉ የሻገተው።

«መቶ ነው» አልኳት። «እኔ የመጣሁት በሁለት መቶው ነው፤ አታራክሰው።
ስም አልፈልግም፤ ማንበብ አልችልም፤ ፊርማህን ግን ያኔ አይቻለሁ፣ ቤት የሚያፈርሰው።
በል ጻፍ፦ ‹ቤቱን ለልጅቷ መልሻለሁ› ብለህ፤ ቀኑንም አግባበት፤
የእኔ አባት በተወው ቤት፣ በእንዲህ ያለ ወረቀት፣ እስከ ዛሬ ሌላ ሰው አለበት።»

ልስቅ ነበር።
ድራማ ነው ልላት፣ ደራሲው ነው ልላት፣ ልጅቷም ትልቅ ሴት ሆና እዚያ ማዶ ፎቶ ትነሣለች፤
ባሎቴ ግን ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ዓይኗ «አውቃለሁ፤ ጻፍ» ይላል፤ ቆማለች።

ጻፍኩ።
«እኔ ዘርጋው፣ በሐሰት ፊርማ የያዝኩትን ቤት፣ ከነግቢው፣ ከነቁልፉ፣ ለባለቤቷ መለስኩ።»
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የሚፈርመው የትኛችን እንደሆነ ለቅጽበት ጠፋኝ፤ ከዚያ ፈረምኩ።
«ምስክር ይፈልጋል» አለች፤ የአቤኔዘርን የማኅተም ቀለም ሳታስፈቅድ ሳበች፣
አውራ ጣቷን ነክራ፣ ከስሜ በታች፣ ጠበቅ አድርጋ ተጫነች።

ብሩን ልመልስ ብል መዳፌን ዘጋችው፦ «ያልተከፈለበት ውል አይጸናም፤ ተቀበል።
ነገ ደግሞ ውረድ፤ ቆሮሶ አለ፤ እንደ ሌላው ሰው ከፍለህ ብላ፤ በነጻ እንዳትል።»

ማታ ስንዱ ብሯን ስትቆጥር፣
ጋሽ ወልደየስ ደብተር ይዞ ለመጣ ልጅ በነጻ ሲፈርም አየሁ፤
ስንዱም አየችው፤ ምንም አላለች። እኔ ወጣሁ።
ፒያሳ ድረስ ባጃጅ ያዝኩ፤ ሌላ ብር ስላልነበረኝ ያንኑ ሰጠሁት፤
ልጁ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «አሞራ ገደል!» አለና ሳቀ፤
መልሱን ሳልቆጥር ኪሴ ከተትኩት።