የሁለት ሰው ዋጋ

ከግራዝ የመጣ ሰው፣ ኦትማር የሚሉት፣
ካፖርቱ ያረጀ፣ ጫማው አዲስ፣ ጠባብ፣ ለጉዞው የገዙት።
«ግማሹን እንመልስ» ቢለው ቢሮው ደውሎ፣
«ተዉት» ብሎ ዘግቷል። ትሪየስቴ አደባባይ
ቆሞ አገኘሁት፣ ብቻውን፣ ከፏፏቴው ተከልሎ።

ሂልትሩድ ነበረች ቀኑን የመረጠች፣
በጥር ተመዝግባ፣ በመጋቢት ያረፈች።
«ትመጣለች» አላለም። «ሞተች»ም አላለም።
«ለሁለት ሰው ተናገሪ» አለኝ፤ ሌላ ቃል የለም።

እኔ ኔቪያ ነኝ፤ ጃንጥላ አንስቼ ሰው ስመራ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
እንደ ዳዊት የምደግመው አለኝ፣ ሳላስበው የሚወጣ ካንደበቴ።
ሳቁ የት እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ የት ፎቶ እንደሚነሳ፣
ማን ወንበር እንደሚሻ፣ ማን ጃኬቱን እንደረሳ።
ያን ቀን ግን አፌ ተሳሰረ። በቀኝ እሱ፣ በግራ ክፍት ቦታ፤
ክፍት ቦታ በምን ዓይን ይታያል? በየትኛው ሰላምታ?
«ክቡራን» ልል ነበር፣ ዋጥኩት። «ክቡር» ልል፣ ያም ከበደ።
«እንሂድ» አልኩ። ጠባቡ መንገድ ወደ ላይ ወሰደ።

ቦራ የሚባለው ነፋስ ሲነሳ የዚህ ከተማ ሰው
በየማዕዘኑ ገመድ ይዘረጋ ነበር፣ መንገደኛው የሚይዘው።
ይህን ስነግረው ቆመ። ወደ ባዶው ጎን አንገቱን ዘንበል፣
የሆነ ነገር እንደ መስማት፣ እንደ መቀበል፤
«ሂልትሩድ ብትሆን» አለ፣ «ይህን ነበር የምትጠይቅሽ፦
በአንድ ገመድ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቢገናኝ
እጁን የሚለቀው ማነው? እስቲ መልሽ።»

ስንት ሺህ ሰው ነድቼ፣ ማንም አልጠየቀኝ።
«አላውቅም» አልኩ። እውነት ነው፤ አላሳፈረኝ።

ከሮማውያኑ ቅስት ስር፣ ጎኑ ከቤት ግድግዳ የተጣበቀ፣
ዘመኑን ልቆጥር አፌን ስከፍት፣ እሱ ቀደመኝ፣ ጠየቀ፦
«እላይ መስኮቱ የማነው? እዚያ የሚኖረው ሰው
ልብስ ሲያሰጣ ቅስቱ ላይ ቢወድቅበት፣ ማን ነው የሚያነሳው?»
ቀና አልኩ። አረንጓዴ መዝጊያ።
ከስሩ፣ በጥንቱ ድንጋይ ጫፍ፣ አንድ ካልሲ ተንጠልጥሏል።
ለካ እስከዛሬ ከቅስቱ በላይ አላየሁም፤
ለካ እዚያ ሰው ይኖራል።

አቀበቱን ቀስ ብሎ ወጣ፣ በየደረጃው እየቆመ።
«ጉልበትዎ ነው?» አልኩት። «የለም፣ የሷ ዳሌ ነው» አለ፣
እንደገና ቆመ።

ከዚያ ወረድን፣ ባሕሩ ውስጥ ወደሚገባው የድንጋይ መንገድ።
ሰዓቱ ሊሞላ ነው። ጥያቄ ጠበቅኩ፣ ጆሮዬን ቀስሬ፣ እንደ ለማድ።
ዝም አለ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዞረዋል፤
ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ ጠፍጣፋ፣ ጀልባ እንኳ አይታይበትም፣ ሁሉ ሄዷል።
«እዚህ ጋ» አለኝ ቆይቶ፣ «ምን እንደምትል ጠፋኝ።
አርባ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ይኼ አንዱ ጠፋኝ።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ወደ ግራ ዞርኩ፣
ወደ ክፍቱ ቦታ፣ ድምፄንም ዝቅ አደረግኩ፦

«እመቤት ሂልትሩድ፣ በሰኔ ማታ ልጆች እዚህ እግራቸውን አንጠልጥለው
ይቀመጣሉ። ድንጋዩ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል፣ ብርድ አይነካው።
ጫማ ማውለቅ ይቻላል።
የገመዱን ነገር ደግሞ... አንዱ ባለበት ይቆማል፣
ሌላው በትከሻው ዙሪያ፣ አቅፎት፣ ቀስ ብሎ ያልፋል።
ማንም እጁን አይለቅም።»

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እዚያው ፈጠርኩት።
በአስራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያ ውሸቴ ነው፣ አልተጸጸትኩበት።

ሚያዝያ ነበር፤ ድንጋዩ እንደ በረዶ። እሱ ግን ተቀመጠ፣
ክሩን ፈታ፣ ሁለቱን ጠባብ ጫማ አወለቀ፣ ጎን ለጎን አስቀመጠ።
ደረሰኙን በጉልበቴ ላይ ጻፍኩለት፦ የሰው ብዛት፣ ሁለት።
አጥፎ ከተተው። አላነበበውም። እኔም አላየሁት
ሲሄድ፤ ፊቴን አዞርኩለት።

በማግስቱ አስራ አራት ሰው ይዤ ቅስቱ ስር ስደርስ፣ ቀና አልኩ።
ካልሲው የለም።
አንድ ሰው አንስቶታል።