የዋጥኩት መልስ

«ጋሼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላ ለምን ያጥራል?
ጠዋት ያን ያህል ረዝሞ፣ ማን መጥቶ ይቆርጠዋል?»
ብላ ትጓደድ ጠየቀች፣ መጋቢት፣ ሞጣ ላይ፣
በመስኮቱ ስንጥቅ አቧራው ሲገባ ሲታይ።

መልሱ ከምላሴ ጫፍ፣ ጠመኔው ከእጄ፤
ዋጥኩት። አይዋጥም ነበር፣ እውነቴን ነው ወዳጄ።

አጎቴ ጎንጅ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው፤
«የኔታ አንድ ቤት ቆጥረው አልሰጡኝም» ይላሉ፣ ስጠይቃቸው።
«ሌሊቱን ስብሰለሰል አድሬ፣ ጠዋት ስነግራቸው፣
‹እዚህ ጋ ሰሙ ላልቷል፣ ሂድ› ነው መልሳቸው።»

ሸንበቆ ተከልን፣ ከሰንደቁ ጎን፤
ቀትር በደረሰ ቁጥር በጥላው ጫፍ ጠጠር አኖርን።
«ፀሐይ ምሳ ስትበላ ነው» አለ ይሁኔ፤ ሳቁ።
«በምን አወቅህ?» አልኩት፤ ሳቁን ትተው ተጠያየቁ።

ርዕሰ መምህሩ መጡ፣ «ምዕራፍ ሦስት ላይ ነህ ዛሬም?»
ነበርኩ። ምን ልበል? ጠጠር መጽሐፉ ላይ የለም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ጥላው ከሸንበቆው እግር ስር ጠፋ፤
ትጓደድ ተንበርክካ ፈለገችው፣ አፈር ስትገፋ።
ግንቦት ሲገባ ግን እየሮጠች መጣች፣
«ጋሼ፣ ወደ አባይ የነበረው ወደ ቢቸና ዞረ!» አለች።

አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ፣ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣
አንድም ቀን አላየሁትም፣ ጎንበስ ብዬ።
ያ የዋጥኩት መልስ እንኳን ግማሽ ነበረ፤
ያኔ ብተፋው ኖሮ፣ ጠጠሩ እዚያው በቀረ።

«ለምን ዞረ?» አለችኝ።
«እንጃ» አልኳት። ጠጠር አነሳሁ፤ ቦታ አሳየችኝ።