ስም የሌላት ክፋይ

ሰኔ ነው። ቫልዲቪያ ሳምንቱን ዘንቧል፤
ወንዙ የዓሣ ገበያውን ደረጃ አልፎ ወጥቷል።
ኒባልዶና ሁቤናል፣ የአንድ እናት ልጆች፣
የአንድ ጀልባ ጌቶች፣ የተኳረፉ ሰዎች፣
አንዲት ላፕቶፕ ይዘው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣
ገቡ ከሱቄ ውስጥ በሩን ተጋፍተው።
«እንቢ አለች መነሣት» ይላል ታላቅየው።
«እሱ ነው የነካት።» «እሱ ነው።» «እሱ ነው።»

ቁልፏን ተጫንኩት። ማራገቢያዋ ዞረ፤
መብራቷ በራ፤ ስክሪኗ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤
ከላይ፣ ከጥጉ ላይ፣ አንድ ነጭ መስመር፦
«የሚያስነሣኝ ዲስክ የለም» የሚል አጭር ነገር።
ጆሮዬን አስጠጋሁ ከጎኗ፣ ከሆዷ፤
ዲስኩ ይዞራል ደህና፣ ቋ ቋ አይልም ክንዷ።
ገመዱን ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት፤
የማስነሻውን ተራ ከሥሩ አየሁት፤
ሁሉም በቦታው ነው።
ሲጨንቀኝ በፍላሽ፣ በተውሶ እግር አቆምኳት፤
የዲስኩን ካርታ ዘርግቼ እንደ ርስት አየኋት።

እናት የሞተች ለት ቤቱ ባይከፈል
ላፕቶፗን ከፍለዋል፣ ልክ እኩል በእኩል፤
ባይት ሳይበላለጡ፣
አንዱ ያንዱን ወሰን ለአንዲት ቀን ሳይረግጡ።
በኒባልዶ ወገን የናፍጣ ሒሳብ፣ የበረዶ ዋጋ፣ የዓሣው ሚዛን፤
በሁቤናል ወገን ሌሊት ሌሊት ብቻውን የቀዳው አኮርዲዮን።

ግን አንድ ነገር ጎደለኝ።
«ከፊት፣ ከጫፉ ላይ፣ ትንሽ ክፋይ ነበረች።
መቶ ሜጋባይት ብትሆን ነው። የት ሄደች?»
ዝናቡ ቆርቆሮውን ቀጠቀጠ።
ሁቤናል ቆቡን አወለቀ።
«ፊደል የላት፣ ስም የላት፤ የሱም አይደለች፣ የኔም፤
ቦታ ጠቦኝ ነበር። ወደኔ ቀላቀልኳት። የሚጎዳ አልመሰለኝም።»

«እሷ ነበረች» አልኩ «ቀድማ የምትነቃ፤
አንተንም፣ አንተንም ‹ተነሣ› የምትል፣ ‹ተነሣ፣ በቃ›።»
ኒባልዶ መስኮቱን እያየ
«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር የምትነሣው» አለ።
ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«መልሼ እሠራታለሁ። ግን መሬት ያሻታል።
ማን ይለቅላታል?»
ተያዩ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እንጃ።
«ከኔ ሃምሳ» አለ አንዱ።
«ከኔም ሃምሳ።»

ቅጂ አስቀርቼ የወሰን ድንጋዩን ወዲህም ወዲያም ገፋሁ፤
በሁለቱ መሐል፣ እድንበሩ ላይ፣ ጠባብ ጎጆ ቀለስኩ።
ሦስት ሰዓት ፈጀ። ባንድ አግዳሚ ላይ፣ በመሐላቸው እርጥቡ ፎጣ፣
ተቀምጠው ጠበቁ፤ ቃል ካንዳቸው አልወጣ።

«ስም ልስጣት?» ብላቸው
«ተዋት» አለ ሁቤናል፣ «ድሮም በስሟ ጠርተናት አናውቅም።»

ቁልፏን ተጫንኩ። ሁለት ስም፣ ላይና ታች፣ ጥቁሩ ላይ በራ፤
ሠላሳ ሰከንድ ሰጥታ ጀመረች ቆጠራ።
ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንት።
የሁለቱም እጅ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።
«አንተ ቅደም።»
«አይ፣ አንተ።»
አሥራ አንድ። አሥር።
ዘጠኝ።