ያልፈታሁት ቋጠሮ

ሥራዬ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ጎን፣
ሰዎቹን አላውቅም፣ የማውቀው ልብሳቸውን።
ትሪየስቴ ላይ ቦራ፣ ያ የክረምት ነፋስ፣
መስኮት ሲደበድብ፣ ከተራራ ሲፈስ፣
እኔ ከታች ሆኜ፣ በሳሙና እንፋሎት፣
አንሶላ እቆጥራለሁ፣ ሰባ ሁለት በዕለት።

ጨርቅ ወሬኛ ነው፣ ጆሮ ለሰጠው ሰው፤
ማን ሾርባ እንደደፋ፣ ማን እንባ እንዳበሰው፣
ማንን ልጁ አቅፎት፣ ሽቶው እንደቀረ ካንገትጌው።
ከሲኞር ኤርሚኒዮ ከፒጃማው ኪስ ውስጥ
ስኳር አይጠፋም፣ ለእርግብ የሚሰጥ።

ኦንዲና ግን፣ የክፍል አሥራ አራቷ፣
አርባ ዓመት የመርከብ ሸራ የሰፋች በጣቷ፣
ደም ፈሶ ጭንቅላቷ ላይ፣ የታሰረ አንደበቷ፣
መሀረቧ ይመጣል፣ ዳር ዳሩ ተቋጥሮ፤
አንድ ሳምንት ሁለት፣ አንድ ሳምንት አራት ቋጠሮ።
«ሥራ የፈታ ጣት ቋጠሮ ያበዛል» እያልኩት
ፈታሁት። አጠብኩት። አጥፌ ተኮስኩት።
ስምንት ሳምንት ሙሉ።

ከዚያ አንድ አንሶላ መጣ፣ ከዚያው ከአሥራ አራት፤
ሁለት ጫፉ ተጠምዝዞ እንደ ገመድ የጠበቀበት።
የሌሊት ቀሚሷ እጅጌ ላይ
ቀጭን የደም አምባር።
አንሶላ በራሱ ሰው አይጠፍር፣ አያስር!

ግድግዳው ላይ ያለውን የተረኛ ሰሌዳ
በጣቴ ቆጠርኩት፣ እንደ ሰው ዕዳ።
ፉሪዮ ሁለት ሌሊት ያደረ እንደሆን፣ ሁለት።
አራት ካደረ፣ አራት።
ፉሪዮ ዕረፍት በወጣበት ሳምንት
መሀረቡ ልሙጥ ነበር፤ አስታወስኩት።

ለካስ ደብዳቤ ነው!
አፍ ያጣች ሴት በጣቷ የጻፈችው፣
እኔ ስምንት ጊዜ በሳሙና ያጠፋሁት።
ሰው እንባ ይቋጥራል፣ ስንቅ ይቋጥራል፣ ቂም፤
እሷ ምስክር ቋጥራ ብትልክልኝ
ፈታሁት እንጂ… አልፈታሁትም።

በሰባት ዓመቴ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ።
በሩን ገፋ አድርጌ፣ ዝቅ ብዬ አየኋት።
«ሌሊት ነው?» አልኳት።
ዐይኗን ጨፍና ገለጠች።
«ያስርሻል?»
እጅጌዋን ራሷ፣ በደህናው እጇ፣ ሰበሰበች።
አንጓዋ ላይ ቢጫ፣ ከቢጫው ሥር ጥቁር፣
ያረጀ ከአዲስ ጋር፣ ተደራርቦ ሰንበር።
«አምኜሻለሁ» አልኳት።
ሌላ የምለው ጠፋኝ።

ኃላፊዋ ቬሊያ ከወረቀቷ ሳትነሳ፣
«እንዳትወድቅ ብሎ ይሆናል፤ ሠራተኛ አጥተናል፤
ኒቬስ፣ አንቺ ልብስሽን እጠቢ» አለችኝ።
አላጠብኩም።
አንሶላውን እንዳለ፣ ቀሚሱን እንዳለ፣
መሀረቡን ከነሦስት ቋጠሮው፣
በወረቀት ከረጢት፣ ቀኑን ጽፌ፣ ሰዓቱን፣
ለፖሊስ ደወልኩ፤ ለሐኪም፤ ለእህቷ ልጅ።
ስልኩ ላይ የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ።
የቤት ኪራዬን እያሰብኩ ነበር፣ ልዋሽ አልልም።

ፉሪዮ አሁን የለም። ጉዳዩ ገና ነው ይላሉ።
ቬሊያ ሰላምታ ነስታኛለች።
ሌሊት ሌሊት የሚመጡብኝ ሌሎቹ ናቸው፣
በሰባት ዓመት ውስጥ ሳላይ ያጠብኳቸው።

ሰኞ የኦንዲና መሀረብ መጣ። ቋጠሮ የለውም።
ዘረጋሁት በመብራት፣ ገለበጥኩት፣
አራቱንም ጥግ በጣቴ ዳበስኩት፤
ከዚያ በኋላ ነው ውሃ ውስጥ የነከርኩት።