የሞቺዙኪ ሆድ

ሠላሳ አምስት ዓመት ጥርስ ስሠራ ኖርኩኝ፣
ስሙን የማላውቀው ስንቱ ሰው በእጄ ሥራ ሳቀልኝ።
እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ እጄ ግን መች ወጣ?
በእንቅልፌ ውስጥ እንኳን ሞረድ ይዞ መጣ።

ሥራ ገዛሁለት ታዲያ፣ ከባቡር ጣቢያው ጥግ ሱቅ፤
ስድስት ወታደር በሳጥን፣ ክዳኑ ላይ የቦምብ እሳት የሚያንጸባርቅ።
የሌባ ጣቴን ቁመት እንኳ የማይሞሉ፣
እንደ ወይን ዘለላ በፕላስቲክ ሐረግ የተንጠለጠሉ፣
ግራጫ፣ ዓይን የሌላቸው፣
የማን ጠላት እንደሆኑ ገና ያልተነገራቸው።

መመሪያው "ልብሱ አረንጓዴ፣ ጫማው ጥቁር" ይላል፤
እኔ ምን አገባኝ? መመሪያ ለወታደር ይሆናል።
ቀጭ! አልኩት በመቁረጫ፤ ጠመንጃው ዘሎ ወደቀ፤
ከምንጣፉ ጠጉር ገብቶ እስከ ዛሬ እንደተደበቀ።

ሺሚዙ ወደብ ነው ቤቴ፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣
መስኮቴ ወለል ብሎ፣ አኳራጁ ወጥቶ ነፋሱ እንዲገባ።
ፉጂ ተራራ ሲያሻው ይታያል፣ ሲያሻው ደመና ይከናነባል፤
እኔ በማጉያ መነጽር የአንድ ሰው ብብት ሳይ ይመሻል።
ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ስፌት አለ፣ ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት፤
ማንም አያየውም። እኔ አየዋለሁ። ለጠብ ይህ ይበቃል ምክንያት።
በሞረድ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ ነክሮ፣
ጥፍር ሳይደናቀፍ እስኪያልፍ፣ ስፌቱ ካለመኖር ተቆጥሮ።

የመጀመሪያው ሳዋኖ ሆነ፣ ዓሣ ሻጩ ጎረቤቴ፤
የብረት ቆቡን ሞርጄ ፎጣ ጠመጠምኩ፣ ከቀጭን ወረቀቴ።
የእጅ ቦምቡን አሹዬ፣ ጭራ ቀጥዬ ቱና አስታቀፍኩት፤
ሬዲዮ የተሸከመውን ደግሞ እግሩን አሳጥሬ ልጅ አደረግኩት፣
ሬዲዮው ቦርሳ ሆነና ትምህርት ቤት ሰደድኩት።

ሦስተኛው ሞቺዙኪ ነው፣ ደብዳቤ አዳዩ፤
ማክሰኞ ለፊርማ መጥቶ ከራሱ ጋር ቢተያዩ፦
"ይሄ ማነው?" "እርስዎ ነዎት።" "ኧረ ሆዱ! ሆዱስ በዛ!"
አኩርፎ ወጣ፣ እስክሪብቶዬን ኪሱ ከቶ፣ ሳያዋዛ።
የሰው ኩርፊያ አልችልም፤ ሞረዴን አነሳሁ ማታውኑ፤
አሥር ኪሎ ሲቀንስ አደረ፣ ሳይርበው ምስኪኑ።
በሳምንቱ አይቶ ሳቀ፤ ቀበቶውን ሽቅብ ሳበ፤
የገዛ ሆዱ ግን ከቀበቶው በላይ እንደተደረበ።

ዓይን ግን ሌላ ነገር ነው።
ሦስት ጠጉር በቀረው ቡሩሽ፣ ክርኔን ከጠረጴዛው አጣብቄ፣
በሁለት የልብ ምት መሀል ያለችውን ዝምታ ጠብቄ፣
ጠብ።
ቀኙ ልኩን አገኘ። ግራው ትንሽ ሸሸ ወደ ጎን።
ጥጥ አነሳሁ ልጠርገው፤ ቆይ! በሬ ላይ ሲቆም እኮ ሁሌም ቢሆን፣
አንድ ዓይኑ እኔን ያያል፣ አንዱ ቀጣዩን ደጃፍ፣ ያልደረሰውን።
ጥጡን መለስኩት።

ጥርስ ያስተማረኝ ይህን ነው፦ እጅግ የነጣ ጥርስ ይዋሻል፤
ትንሽ ቢጫ፣ ትንሽ የሻይ እድፍ ሲያገኝ ግን አፍም ያምነዋል።
እናም የሞቺዙኪን ጫማ በደቀቀ ሻይ ቅጠል አቆሸሽሁ፣
ማንገቻው የበላውን ትከሻ በስለት ጫፍ አሳሳሁ።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል መጣ፤ ደብዳቤ የለ፣ ፊርማ የለ፤
ኮፍያውን በእጁ እያዞረ "ነገ የመጨረሻዬ ነው" አለ።
"አንድ ነገር ላስቸግርዎ።" ዝም አለ። "ሆዴን ይመልሱልኝ።
አርባ ዓመት በዚህ ዳገት፣ በየደጁ እየጠሩ መንደሪን ያጎረሱኝ፣
ኬክ ነው፣ ሻይ ነው፣ 'ቅመስ' ነው፤ ከዚህ ሰፈር ነው የሞላሁት፤
የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር ያን ጊዜ ያማሁት።"

ስቱኮ አቦካሁ እያየ፤ በአውራ ጣቴ ጠፈጠፍኩለት፤
"ትንሽ ይጨምሩ" አለ፤ ጨመርኩለት።
ሲደርቅ ሰማያዊ ቀባሁና በሻይ ቆርቆሮ ጥጥ ጎዝጉዤ ሰጠሁት።
እንደ አደራ ደብዳቤ በሁለት እጁ ሲቀበል፣
"ይፈርሙ" አልኩት።

ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ቀርተዋል፣ ዓይን አላወጡም ገና።
ሰኞ አዲስ ደብዳቤ አዳይ ይመጣል አሉ፤ ልጅ ነው፣ ኮስማና፣
ቀጭን ነው ይላሉ፣
ለጊዜው።